የሐሙስ ዳዊት

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ባሌ ናቸው። ዳዊትን በቃላቸው ያውቃሉ። ይህን የሰማ ሁሉ «መታደል ነው» ይለኛል። መታደሉን በደንብ የሚያውቀው ግን አብሮ የኖረ ነው።

ዳዊትን በቃል ማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከፈለገው ቦታ ብድግ አድርጎ ጥቅስ ያወጣል፤ እንዲህ ያለው ሰው በትልልቅ ሰዎች ማዕድ ይፈለጋል፣ ካባም ይሸለማል። የመሪጌታ ግን እንደ ልቃቂት ነው። ጫፉን ይዘው ከጎተቱት ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው ይመጣል፤ ከመሀል ከነኩት ይተበተባል። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የሰኞ ድርሻ አለ፣ የማክሰኞ አለ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መሪጌታ የየዕለቱን ድርሻ ከራሱ ይጀምራሉ። መሀል ላይ ሰው ቢያናግራቸው፣ ዶሮ እንኳ እግራቸው ሥር ብትጮህ፣ እንደገና ከራሱ ይነሣሉ። በዚህ ምክንያት ዶሮ አላረባሁም።

ከዳዊት ውጪ ብዙ ቃል አይወጣቸውም። «ይሁን» ይላሉ፣ «ተመስገን» ይላሉ፣ እኔን መጥራት ሲፈልጉ «አንቺ» ይላሉ፤ በቃ። ቁም ነገር ከተጠየቁ መልሱን የሚሰጡት ከዳዊት ነው፤ ለመስጠት ደግሞ ከቀኑ ራስ መነሣት አለባቸው። አንድ ክረምት፣ ረቡዕ ቀን፣ ጣራው ሲያፈስ «ሣር እናስጨምርበት ወይስ እንዲሁ ይክረም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የረቡዕን ጀመሩ። እኔ ቅሉን ከሚንጠባጠበው ሥር እያዟዟርሁ ቆየሁ። «አቤቱ አድነኝ፣ ውሃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና» ከሚለው ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። መልሱ እሱ ኖሯል። ያን ጊዜ ዝናቡ አባርቶ ነበር።

እኔን ያገኙኝም በዚሁ መንገድ ነው። አባቴ «ልጄን ስሰጥህ ምን ይዘህ ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው የሰኞን ዳዊት ጀመሩላቸው። አባቴ ግዕዝ አያውቁም። ጥቂት የሚያውቅ ጎረቤት አጠገባቸው ተቀምጦ ነበርና «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ «የማጣው ነገር የለም ነው የሚሉት» ብሎ ተረጎመ። አባቴ የሚያጣው ነገር ከሌለ ሰው ጋር መከራከር አልፈለጉም፤ ሰጡኝ። የሌላቸውን ሁሉ ከገባሁ በኋላ አየሁት።

ያም ሆኖ ቤትና መሬት አገኘን። ያገኘነውም በዚሁ በዳዊት ነው። ዘመኑ ከተማው ገና እንጦጦ ራስ ላይ ሳለ፣ ታች ፍልውሃ ሣር ብቻ ሳለ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ልጅ የሌላቸው ባለ ርስት የካ ላይ፣ ከጽድ ዛፎች ጫካ ሥር ይኖሩ ነበር። ሲታመሙ ሽማግሌ ሰብስበው ተናዘዙ። ይህን ቤትና መሬት መሪጌታ ይያዙ፤ ዳዊቱን በየሳምንቱ ሳያጎድሉ ለነፍሴ ይድገሙ፤ አንድ መዝሙር የጎደለ ዕለት መሬቱ ለወንድሜ ልጅ ይመለስ አሉ። አሉና ሞቱ። የወንድማቸው ልጅ ከበበ ይባላል። አጥራችንን ተጋርቶ የሚኖር ጎረቤታችን እሱ ነው።

እንግዲህ ከበበ ለብዙ ጊዜ ጧት ጧት ጆሮውን አጥሩ ላይ እያዋለ አንድ መዝሙር እስኪጎድል ጠበቀ። ምስኪን፣ ከማን ጋር እንደገጠመ አላወቀም። መሪጌታ ወባ ታመው እየተንቀጠቀጡ እንኳ አላጎደሉም።

ከበበ ሥራ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። እላይ እንጦጦ፣ በንጉሡ ግቢ የማገዶ ሹም ነበር። ጽዱ ከከተማው ዙሪያ እየተመነጠረ ስላለቀ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ራቅ ብሎ ነው፤ ከበበ ደግሞ መራቅ አይወድም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ለትልቅ ግብር ከቅርብ ያስቆረጠውን እርጥብ እንጨት አስገባ። አዳራሹ በጢስ ተሞላ። መኳንንቱ አለቀሱ። ከበታች የተቀመጡትም ምክንያቱን ሳይጠይቁ አብረው አለቀሱ ይባላል። በማግስቱ ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንጨቱን ይረግም ነበር። ከበበ ግን አንድ አላፊ ደብተራ አጥሩ ሥር አስቀምጦ የመሪጌታን የሐሙስ ዳዊት አስተረጎመ። ያገኘውንም አገኘ። የሐሙስ ድርሻ ውስጥ መቶ ስምንተኛው መዝሙር አለ፤ ዳዊት በሐሰት የከሰሱትን ጠላቶቹን የሚራገምበት ነው። «ዘመኖቹ ጥቂት ይሁኑ፣ ሹመቱንም ሌላ ይውሰድ» ይላል። ከበበ ይህን ሲሰማ በቀጥታ ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ ነገሳ ሄደና «ዳዊት ደገሙብኝ» ብሎ ከሰሰ።

ነገሳ አባቶቻቸው እዚሁ ተራራ ሥር ከብት ሲያረቡ የኖሩ፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚናገሩ፣ በሁለቱም ቋንቋ ዝም ማለት የሚችሉ ሰው ናቸው። በወይዘሮ የሺመቤት ኑዛዜ ላይም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ችሎቱን ለሐሙስ ቀጠሩት፤ ከሚካኤል ቅጥር ውጪ፣ ከወይራው ሥር። ግዕዙን እንዲተረጉሙ ቄስ ኃይለ መስቀል አጠገባቸው ተቀመጡ። የየካ ሰው ሥራ የፈታውም ያልፈታውም መጣ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ ጋር ቆምሁ።

ከበበ ነገሩን አስረዳ። ጭንቅላቱ ጥሩ ነው፤ ይህን አልክደውም። ነገሳም ሰምተው ሲያበቁ፣ መሪጌታ መዝሙሩን ሲሉ ምናልባት እሱን አስበው ላይሆን ይችላል አሉት። ከበበ ይህን ጠብቆት ነበር።

«ማሰብ አያሻውም» አለ። «የዳዊት ቃል እንደ ሰው ቃል አይደለም። ከአፍ ከወጣ፣ ያለው ሰው ቢያስብም ባያስብም፣ የሚደርስበት ይደርሳል። እኔ ላይ ደርሷል።»

«ትምላለህ?» አሉ ነገሳ።

ከበበ ወደ ሚካኤል ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑን በር በሁለት እጁ ይዞ፣ ሁላችንም እያየነው፣ ልክ እንደተናገረው አድርጎ ማለ። ሲመለስ ፊቱ የቆረበ ሰው ፊት ሆኗል። ካሣ አልፈልግም አለ። ከመንደር ይውጡልኝም አልልም አለ። አንዲቱን መዝሙር ብቻ ይተዉልኝ፣ ሌላውን እንደ ልማዳቸው ይድገሙ አለ።

ሕዝቡ «ምን ያለ ደግ ሰው ነው» እያለ አንሾካሾከ። አንዲቱ መዝሙር ከተተወች ዳዊቱ ጎደለ ማለት ነው፤ ዳዊቱ ከጎደለ መሬቱ የከበበ ነው። በአንዲት መዝሙር ቤታችንን ሊወስድ እየለመነ ነበር፤ ያውም እጁን አጣምሮ። ነገሳን አየኋቸው። ኑዛዜውን ያስታውሱ እንደሆነ ከፊታቸው ማወቅ አልተቻለም። ከፊታቸው ምንም ነገር ማወቅ አይቻልም።

«መዝሙሩን ልስማው» አሉ።

መሪጌታ ተነሡ፣ መቋሚያቸውን ተደገፉ፣ ከሐሙስ ራስ ጀመሩ። ነገሳ መዝሙሩ ይህ ነው ወይ ብለው ቄሱን ጠየቁ። ቄሱም ገና ነው፣ መሪጌታ ከዚህ ካልተነሡ እዚያ አይደርሱም ብለው አስረዱ። ነገሳ ታዲያ እስኪደርሱ የሚሉት እየተተረጎመ ይቆየኝ አሉ።

የሐሙስ ራስ «እግዚአብሔር ቆመ ውስተ ማኅበረ አማልክት» ነው። ቄስ ኃይለ መስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር በአማልክት ጉባኤ ቆመ» አሉ። ቀጥሎ ያለውን ሲሰሙ ግን መስቀላቸውን ያገላብጡ ጀመር። ነገሳ ምን አሉ ብለው ጠየቁ።

«‹እስከ መቼ በግፍ ትፈርዳላችሁ፣ ለኃጢአተኞችስ ፊት ታደላላችሁ› ነው የሚሉት» አሉ ቄሱ መሬት መሬት እያዩ።

«ማንን ነው?»

«ዳኞችን።»

ነገሳ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ይቀጥሉ አሉ።

መሪጌታ ቀጠሉ። ፀሐይ ከወይራው ቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ተሻገረ። አንዳንዱ ተቀመጠ፣ አንዳንዱ ቤቱ ደርሶ ተመለሰ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመቶ ስምንተኛውን መጀመሪያ ሲሉ ከበበ አላስቻለውም፤ ብድግ ብሎ «ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸ ነው!» አለ። መሪጌታ ቆሙ። አፋቸውን ዘጉ፣ ከፈቱ፣ «እግዚአብሔር ቆመ ውስተ ማኅበረ አማልክት» ብለው ከሐሙስ ራስ ተነሡ።

ከሕዝቡ ውስጥ የቃተተ ነበረ። ቄሱ እንደገና «እስከ መቼ በግፍ ትፈርዳላችሁ» ሲሉ፣ ነገሳ ሰምቻለሁ አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ከከበበ አጠገብ ተቀምጦ ክንዱን ያዘው። መሪጌታ ደረሱ፤ አሉት፤ ቄሱም ተረጎሙት። «ሹመቱንም ሌላ ይውሰድ» ሲባል የሕዝቡ ዐይን ሁሉ ከበበ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ቃሉ በልኩ የተሰፋለት ይመስል ነበር። ፈራሁ።

ነገሳ ድርሻው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«መሪጌታ፣ ይህን ሲሉ ማንን ያስባሉ?»

መሪጌታ «እግዚአብሔር ቆመ…» ብለው ሲጀምሩ ነገሳ እጃቸውን አነሡ።

«ዳዊትን አልጠየቅሁም፤ እሱ መልሷል። እርስዎን ነው የጠየቅሁት። በራስዎ አፍ ይንገሩኝ።»

አብሬያቸው በኖርሁበት ዘመን ሁሉ መሪጌታ እንደዚያ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግን የሚይዘው ጫፍ አላገኘም። ሰዉ ዝምታቸውን እንደ ጥፋት ሲቆጥረው ይታየኝ ነበር። በልቤ ቤቴን ተሰናበትሁ፤ ምድጃዬን፣ የጎመን መደቤን፣ ደጃፍ ያለውን ኮሶ ሁሉ። መሪጌታ በሴቶቹ መካከል ዐይናቸውን እያንከራተቱ ፈለጉኝ፤ ሲያገኙኝም ተናገሩ።

«እዚያ መዝሙር ላይ ስደርስ ቅቤው ይሸተኛል» አሉ። «ረቡዕ ጾም ነው፣ ዓርብም ጾም ነው። በለጡ በመሀሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ወጡ ላይ ቅቤ ትጨምራለች። ከበበን አስቤው አላውቅም። ወጡ እንዳያርርባት ነው የማስበው።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሴቶቹ በክርናቸው ጎሸሙኝ። እኔ ግን የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። በሰው ፊት ይቅርና በቤታችን ውስጥ እንኳ ስሜን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያውቁት ኖሯል አልሁ።

ሳቁ ሳያልቅ ከበበ ተነሣ። ክንዱን ከሽማግሌው አስለቀቀና እንዲህ አለ፦

«ሰማችሁ? ይኸ ጸሎት ነው? አክስቴ መሬቷን የሰጠች ለነፍሷ እንጂ ለወጥ ነው? ልብ ሌላ ቦታ እየዋለ የሚደገም ዳዊት ዳዊት አይደለም። ያንን መዝሙር አንድ ቀን በልባቸው ብለውት አያውቁም፤ በአፋቸው አመኑ። ዳዊቱ ጎድሏል። መሬቱን መልሱልኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ያዳናቸው ቃል ዞሮ ሊያጠፋቸው ነው። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በራሳቸው አፍ ቢናገሩ ይኸው ደረሰባቸው ብዬ በጣም ተናደድሁ፤ በከበበም፣ በነገሳም፣ በቅቤውም።

ነገሳ ግን ከበበን አስቀመጡት።

«ጧት በሩን ይዘህ ምን ብለህ ማልህ?» አሉት።

ከበበ ኩታውን ማስተካከል ያዘ።

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ። ያለው ሰው ቢያስብም ባያስብም ቃሉ የሚደርስበት ይደርሳል ብለህ ማልህ። ሳይታሰብ ባንተ ሹመት ላይ የደረሰ ቃል ከአክስትህ ነፍስ ዘንድ እንዳይደርስ ምን አገደው?»

ከበበ ያ ሌላ ይኸ ሌላ ነው አለ። እንዴት ሌላ እንደሆነ ግን ሊያስረዳ አልቻለም። በመጨረሻም ጧት ስናገር ተናድጄ ነው፣ የጧቱ ይቅር አለ።

«በሩ እዚያው ነው» አሉ ነገሳ። «ሄደህ ያዘውና የጧቱ መሐላዬ ውሸት ነው በል። ስትመለስ ስለ መሬቱ እንነጋገራለን።»

ሁላችንም ወደ ሚካኤል በር ዞርን። ከበበም ዞረ። በአንድ ቀን ያንኑ በር ሁለት ጊዜ ይዞ ሁለት ነገር የማለ ሰው በየካ አልነበረም፤ ከነበረም ወሬውን ለመንገር አልተረፈም። ሚካኤል የዋዛ አይደለም። ከበበ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ጫማ እንዳጠበበው ሰው እያነከሰ ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ።

ነገሳ ዳዊቱ እንዳለ፣ ምንም ሳይጎድል ይደገም፣ መሬቱም በመሪጌታ እጅ ይቆይ ብለው ፈረዱ። ለከበበም ሹመትህን ቃሉ አልወሰደውም ልልህ አልችልም፣ ምለሃልና፤ ቃሉ ግን ጢስ የለውም አሉት። ሐሙስ ሐሙስ ድምፁ ከማይደርስበት ራቅ በል፣ ጫካው ሰፊ ነው፣ ደረቁን እንጨት ከእርጥቡ ለመለየትም ጊዜ ታገኛለህ ብለው ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ።

ወደ ቤት ስንሄድ መሪጌታ «ተመስገን» እንኳ አላሉም። ቤታችን ተርፎልናል፣ እሳቸው ግን የተቀጡት እሳቸው ይመስል ከኋላዬ ቀሩ። ገባኝ። ለሙት ነፍስ አደራ የተቀበሉትን መዝሙር በወጥ ሽታ ሲሉት እንደኖሩ በሕዝብ ፊት ተናግረዋል፤ ለዚያውም በቄሱ ፊት። ዳኛው ነጻ ቢያወጣቸውም ራሳቸውን ነጻ አላወጡም። ያን ቀን ወጡን ሳይነኩት አደሩ። እኔም ደስታዬን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ዋልሁ፤ ባል አንገቱን በደፋበት ቤት ስሜን ጠሩልኝ ብዬ እልል ማለት አልሆነልኝም።

ሳምንቱ አልፎ ሐሙስ መጣ። አስቤ አስቤ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር። ቅቤውን ለዚያ ቀን ልተወው፤ ወጡን እንደ ጾም ቀን በኑግ ልሥራው፤ ሽታው ባይኖር መሪጌታ ያንን መዝሙር አንድ ጊዜ በሙሉ ልባቸው ይላሉ፣ ወይዘሮ የሺመቤትም ድርሻቸውን ያገኛሉ፣ የእሳቸውም ልብ ያርፋል አልሁ። ቅቤ የምወደው እኔም ነኝ፤ ግን ለእሳቸው ብዬ ተውሁት።

መሪጌታ ከደጃፍ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ጀመሩ። ከአጥሩ ወዲያ ዝም ነው፤ ከበበ ወደ ጫካው ወጥቷል። መዝሙሩ መዝሙሩን እየሳበ መጣ። መቶ ሰባተኛው አለቀ። ጆሮዬን ጣልሁ። የሚቀጥለው አልመጣም።

እስከ ዛሬ ማንም ሳያቋርጣቸው ቆመው አያውቁም። ጫፉ ጠፋባቸው ብዬ ደነገጥሁ፤ ማማሰያዬን እንደያዝሁ በሩ ላይ ወጣሁ። አፍንጫቸውን ወደ ጓዳው አድርገው አየሩን ያሸቱ ነበር። ሲያዩኝ ጊዜ መንገድ እንደጠፋው ሰው ሆኑ።

«በለጡ» አሉኝ። «ቅቤው የታለ?»

ስንት ዓመት የጠበቅሁትን አገኘሁና እንባዬ መጣ። የኑጉን ድስት ከእሳት አወረድሁ፣ ሌላ ጣድሁ፣ ቅቤውን ከቅሉ አወጣሁ። መሪጌታም መቋሚያቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ቆመ ውስተ ማኅበረ አማልክት» ብለው ከሐሙስ ራስ ጀመሩ።